ጥምቀት ዕለት እህል የገዛው ፕሮግራም

በ2016 ዓ.ም. ጳጉሜን ላይ፣ አዘዞ መጋዘን ያላቸው አንድ የእህል ጅምላ ነጋዴ ደወሉልኝ። የዓመቱን የግዢ መዝገብ አንብቦ በየወሩ ስንት ኩንታል እንደገባ የሚደምር አነስተኛ ፕሮግራም በዚያው ክረምት ሠርቼ አስረክቤያቸው ነበር። «ስማ ልጄ» አሉኝ፤ «ይህ ፕሮግራምህ ጥምቀት ዕለት አርባ ኩንታል ጤፍ ገዝተሃል ይለኛል። ለመሆኑ ጎንደር ውስጥ ጥምቀት ዕለት እህል የሚያስመዝን ማን ነው?»

ምን ይመለስለታል? ጥር 11 ቀን ከተማው በሙሉ ታቦታቱን አጅቦ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ነው፤ ሚዛን የሚይዝ ቀርቶ ጆንያ የሚያወርድ ሰው አይገኝም። እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ወደ ቀላሉ መልስ ሮጥሁ። «ጋሼ፣ መዝገብ የምትይዘው ልጅ ቀኑን ተሳስታ ይሆናል» አልኋቸው። «ትጠየቃለች» ብለው ስልኩን ዘጉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አሮጌው ኮምፒውተራቸው ተበላሸና አዲስ ተገዛ። ፓይተንን (ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቋንቋ)፣ ፕሮግራሙንና ፋይል የሚያነብልኝን ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁትን ኮድ) እንደ አዲስ ጫንሁ። ያንኑ ፕሮግራም በዚያው ፋይል ላይ ሳስነሣው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያወጣው መልእክት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በቦታ 3 ላይ ያለው 13/01/2016 ‹ወር/ቀን/ዓመት› ከሚለው ቅርጽ ጋር አይገጥምም።» (ኮምፒውተር መቁጠር የሚጀምረው ከዜሮ ስለሆነ ቦታ 3 ማለት አራተኛው መዝገብ ነው። ይህን ባለማወቅ ሦስተኛው መስመር ላይ አፍጥጠው የሚያመሹ ሰዎች አይቻለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርሁ።)

ኮዱ አልተነካም። ፋይሉም አልተነካም። የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ፓንዳስ የተባለው ላይብረሪ ከስሪት 1 ወደ ስሪት 2 ተሸጋግሯል። የባለመጋዘኑ ፍርድ አጭር ነበር፦ «ደህና ይሠራ የነበረውን አበላሸኸው።» እኔም ለግማሽ ቀን ያህል እንደዚያው መስሎኝ ላይብረሪውን ሳማ ዋልሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ደህና ይሠራ የነበረ ነገር አልነበረም። አሮጌው ስሪት የዓመቱን መዝገብ ሲሳሳት ኖሮ ዝም ብሎ ነበር፤ አዲሱ ደግሞ አላውቀውም ብሎ ጮኸ።

ጽሑፍ እንዴት ቁጥር ይሆናል?

በፋይል ውስጥ ያለው ሁሉ ጽሑፍ ነው። እኛ «40» ብለን የምናነበው፣ ለኮምፒውተሩ የ«4» እና የ«0» ምልክት ጎን ለጎን መቀመጣቸው እንጂ አርባ አይደለም። አርባ እንዲሆን፣ ሊደመርና ሊቀነስ እንዲችል፣ አንድ ሰው ምልክቱን አንብቦ ወደ ቁጥር የሚለውጥ ኮድ መጻፍ አለበት። ያን ኮድ እያንዳንዳችን ከባዶ እንዳንጽፍ ሌሎች ጽፈው፣ ፈትነው ለሁሉም የለቀቁት ስብስብ ላይብረሪ ይባላል። ፓንዳስ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ዌስ ማኪኒ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ሲሆን ዛሬ በፓይተን ሠንጠረዥ የሚያነብ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል በእጁ ያለ መሣሪያ ነው።

እንዲህ ያለው ላይብረሪ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መቁረጥ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ሲኤስቪ የሚባለው ፋይል በአንድ መስመር አንድ መዝገብ ይይዛል፤ በዓምዶቹ መካከል ኮማ ይቀመጣል። ሲያዩት የሕፃን ሥራ ይመስላል። መዝገብ ያዥዋ በእህል ዓይነት ዓምድ ውስጥ «ጤፍ, ነጭ» ብላ ብትጽፍ ግን አንዱ ዓምድ ሁለት ሆኖ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ክብደቱ የዋጋውን ቦታ፣ ዋጋው የስልኩን ቦታ ይይዛል። መድኃኒቱ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ ማጠር ነው። በቃሉ ውስጥ ራሱ ትእምርተ ጥቅስ ቢኖርስ? ደግሞ ሌላ ደንብ ያስፈልጋል። የሚያስገርመው፣ ፋይሉ ለአሥርት ዓመታት ሲሠራበት ቆይቶ ደንቡ አርኤፍሲ 4180 በሚባል ሰነድ ላይ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2005 ነው፤ እስከዚያ ሁሉም በመሰለው ይቆርጥ ነበር። በነገራችን ላይ የእኛ ነጠላ ሰረዝ (፣) ለላይብረሪው እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሆነ ምንም አይቆርጥም። በአማርኛ ነጠላ ሰረዝ የሚጽፍ ጸሐፊ ሳያውቀው ከብዙ ጣጣ ይድናል።

ሁለተኛው ሥራ መወሰን ነው፤ መከራውም ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁራጩ ቁጥር ነው? ስም ነው? ቀን ነው? ወይስ ባዶ ነው?

ጎንደር የትርጓሜ መምህራን አገር ናት። አንዲት ኃይለ ቃል ትነበብና «አንድም» እየተባለ ሁለትና ሦስት ትርጉም ይሰጣታል፤ ሁሉም ተራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አያባርርም። ኮምፒውተር ይህ ጸጋ የለውም። 05/11/2016 የሚል ሲያገኝ «አንድም የ11ኛው ወር 5ኛ ቀን፣ አንድም የ5ኛው ወር 11ኛ ቀን» ብሎ ሁለቱንም ተሸክሞ መሄድ አይችልም። አንዱን ይመርጣል። የቱን እንደመረጠም ካልጠየቁት በቀር አይናገርም።

የጥምቀቱ ጤፍ ከየት መጣ?

መዝገብ ያዥዋ እንደ ማንኛችንም ቀኑን አስቀድማ፣ ወሩን አስከትላ ትጽፋለች። ሐምሌ 5 ቀን አርባ ኩንታል ጤፍ ገብቷል፤ 05/11/2016 ብላ መዝግባለች። ፓንዳስ ግን የተለየ ትእዛዝ ካልተሰጠው የአሜሪካኖችን ልማድ ስለሚከተል የመጀመሪያውን ቁጥር ወር ያደርገዋል። ስለዚህ 5ኛው ወር፣ 11ኛው ቀን አለ። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ የወሩን ቁጥር ተቀብሎ 5ን «ጥር» ብሎ በአማርኛ ይተረጉማል። የሐምሌ ጤፍ ጥር 11 ቀን ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

እስከዚህ ያለው ጥፋት ግልጽ ነው፤ ቀድሜ «ቀኑ ይቀድማል» ብዬ መንገር ነበረብኝ። ነገሩን ያከፋው አሮጌው ስሪት ከዚህ በኋላ የሚያደርገው ነው። 13/01/2016 የሚለው ላይ ሲደርስ 13ኛ ወር እንደሌለ ያያል። (ለእሱ የለም፤ ለእኛ አለ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።) ታዲያ ይቆማል? አይቆምም። «እንግዲያው ይኼኛው ቀኑ የቀደመ ነው» ብሎ ለዚያ መስመር ብቻ ሐሳቡን ይለውጣል። ቀጥሎ 02/02/2016 ሲመጣ ወደ አሜሪካኖቹ ይመለሳል። እያንዳንዱን መስመር ለብቻው ይገምታል ማለት ነው።

ውጤቱን ወረቀት ላይ አስቀምጬ አየሁት። በእያንዳንዱ ወር ከ13 እስከ 30 ያሉት ቀኖች በትክክል ተነብበዋል። ከ1 እስከ 12 ያሉት ግን ቀናቸው ወር፣ ወራቸው ቀን ሆኖ ዓመቱ ላይ ተበትነዋል፤ ጥር 9 ወደ ግንቦት 5፣ የካቲት 3 ወደ ኅዳር 6። የሚድነው ቀኑና ወሩ አንድ ቁጥር የሆነው ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ጥር 5። ከሠላሳው ቀን አሥራ አንዱ በሐሰተኛ ቦታ ተቀምጧል። የዓመቱ ጠቅላላ ድምር ግን እስከ መጨረሻዋ ኪሎ ትክክል ነው! መዝገቡ ከወር ወር ተዘዋወረ እንጂ አልጠፋም፤ ስለዚህ ድምሩን ከደረሰኝ ጋር የሚያመሳክር ሰው ምንም አያገኝም። ጥምቀት ባይሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ባልታወቀ።

ፓንዳስን የሚሠሩት ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ ስለዚሁ ለዓመታት አቤቱታ ሲቀርብላቸው ኖሯል። ከስሪት 1 የኋለኞቹ ማስጠንቀቂያ መጻፍ ጀምረው ነበር። ማስጠንቀቂያ ግን በጥቁር መስኮት ላይ የሚያልፍ ጽሑፍ ነው፤ ማን ያነበዋል? እ.ኤ.አ. በ2022 የለውጡ ሐሳብ በጽሑፍ ቀረበ፤ በሚያዝያ 2023 ስሪት 2.0 ይዞት ወጣ። አዲሱ ደንብ ይህ ነው፦ ላይብረሪው የመጀመሪያውን ቀን አይቶ ቅርጹን ይገምታል፤ ከዚያ በኋላ ለዓምዱ ሁሉ በዚያው ቅርጽ ይጸናል፤ የማይገጥም ከመጣ ይቆማል። እኔ ዘንድ የሆነው ይኸው ነው። የመጀመሪያው መዝገብ 02/01/2016 ስለነበር «ወር ይቀድማል» አለ፤ አራተኛው 13/01/2016 ሲሆን ቆመ።

ልብ በሉ፣ አዲሱም መገመቱን አልተወም። አንድ ጊዜ ብቻ ይገምታል። ፋይላችሁ ውስጥ ያሉት ቀኖች ሁሉ ከ12 በታች ከሆኑ አዲሱም ስሪት ሳይጮኽ ይሳሳታል። ደግሞም ብዙዎቻችን የምናውቃት አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች፤ «ያልገባህን ባዶ አድርገህ እለፍ» የምትል። ፕሮግራም እንዳይቆም ስንል ጣል እናደርጋታለን። በአሮጌው ስሪት ብዙም ጉዳት አልነበራትም። በአዲሱ ግን ከቅርጹ ያፈነገጠውን ሁሉ ባዶ ታደርገዋለች፤ ከወሩ ውስጥ ከ13 ጀምሮ ያለው በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል፤ ጩኸትም የለም። ይህችን ትእዛዝ እጽፍ ከነበሩት አንዱ ነኝ፤ ትቻለሁ።

እውነተኛው መፍትሔ ቅርጹን በአፍ መናገር ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ለፈረንጅ አቆጣጠር ይኼ ይበቃል። ለእኛ አቆጣጠር ግን አይበቃም፤ እኔ ሠርቼ የነበረው የአቋራጭ መንገድ ራሱ ጉድጓድ ነበረበት። ጥቅምት 30ን 30/02/2016 ብለን ብንሰጠው የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን ስለሌለው አይቀበልም። በባለመጋዘኑ መዝገብ ላይ ጥቅምት 30 ግዢ ቢኖር ኖሮ አሮጌው ስሪትም ያኔውኑ ቆሞ እውነቱን ያወጣልን ነበር፤ አልነበረም። ጳጉሜንማ ይብሳል። ጳጉሜን 3ን ቅርጹን ሳንናገር 03/13 ብለን ብንሰጠው «የሦስተኛው ወር 13ኛ ቀን» ብሎ በደስታ ይቀበለዋል። ስለዚህ አሁን ቀኑን እንደ ጽሑፍ አነብና ሦስት ቁጥር አድርጌ እቆርጠዋለሁ፤ ላይብረሪው የቀን መቁጠሪያውን እንዲያስገባበት አልፈቅድለትም። ወደ ፈረንጅ መለወጥ ሲያስፈልግ ብቻ ለዚያ በተጻፈ ስሌት እለውጣለሁ፤ መስከረም 13 ቀን 2016 መስከረም 24 ቀን 2023 ይሆናል።

ስህተት የቱ ነው፣ ስህተት ያልሆነውስ?

ከዚህ ገጠመኝ በኋላ የማሻሻያ ዝርዝሮችን ማንበብ ጀመርሁ። ላይብረሪ አዲስ ስሪት ሲያወጣ ምን እንደታከለ፣ ምን እንደተጠገነ፣ ምን እንደተሻረ የሚናገር ጽሑፍ አብሮ ይወጣል። ደረቅ ንባብ ነው፤ ግን በውስጡ ካለው ውስጥ ስንቱ የእኛ ቤት ጣጣ እንደሆነ ስታዩ ትገረማላችሁ።

ስልክን ተመልከቱ። በ09 የሚጀምር ቁጥር ላይብረሪው ቁጥር ነው ብሎ ሲወስን ፊት ያለችው ዜሮ ዋጋ ስለሌላት ትወድቃለች። አንዱ ነጋዴ ስልኩን ባያስመዘግብ ደግሞ ይብሳል፤ ባዶ ቦታ ያለበት ዓምድ በተለመደው አሠራር ባለነጥብ ቁጥር ስለሚሆን የሁሉም ስልክ መጨረሻ ላይ ነጥብና ዜሮ ይለጠፋል። ከ15 አኃዝ በላይ ያለው መለያ ቁጥር ኤክሴል ውስጥ ሲገባ ከ15ኛው በኋላ ያለው ዜሮ ይሆናል። የማይደመርና የማይባዛ ቁጥር ሁሉ ጽሑፍ ተብሎ መነበብ አለበት፤ ይህን መንገር ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው።

በክብደት ዓምድ ውስጥ ካሉት አንዱ ላይ «የለም» ተብሎ ቢጻፍ፣ ላይብረሪው አማርኛ ስለማያውቅ ባዶ መሆኑን አይረዳም። ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ ያደርገዋል። ከዚያ ደምር ሲባል 40ንና 35ን ቀጥሎ 4035 ይላል! አንድ ጊዜ ይህ ደርሶብኝ መጋዘኑ ውስጥ ከአገሪቱ ምርት የሚበልጥ ሽምብራ አግኝቻለሁ። የእንግሊዝኛዎቹን የባዶነት ምልክቶች ግን ያውቃቸዋል፤ እንዲያውም ከልኩ በላይ። «ኤንኤ» የሚሉት ሁለት የላቲን ፊደላት «አይመለከተውም» ማለት ስለሆኑ ባዶ ያደርጋቸዋል፤ እነዚያው ፊደላት የናሚቢያ የአገር መለያ ናቸው። ናሚቢያን የሚጨምር ሠንጠረዥ ያነበበ ሰው ሁሉ አንድ አገር ጠፍቶበታል።

ኤክሴልም ያው የመገመት በሽታ አለበት። የሰው ዘረመሎች አጭር ስም አላቸው፤ «ማርች1» የሚመስል ስም ያለው ዘረመል ኤክሴል ውስጥ ሲገባ የመጋቢት ወር መጀመሪያ ይሆን ነበር። ተመራማሪዎቹ ሠንጠረዡን ሊያሸንፉት ስላልቻሉ ስሞቹን የሚያጸድቀው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 የዘረመሎቹን ስም ለወጠ። ማይክሮሶፍት ይህን ልማድ ማጥፊያ ቁልፍ የሰጠው በ2023 ነው። ሳይንስ ለሒሳብ ሠንጠረዥ እጁን የሰጠበት ዘመን!

አሁን ደግሞ ስህተት የሚመስል፣ ግን ስህተት ያልሆነ ልጥቀስ። የከተማችን ስም «ጎንደር» ተብሎ ይጻፋል፤ «ጐንደር» ተብሎም ይጻፋል። ለአንባቢ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር «ጎ» እና «ጐ» የተለያየ ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህ በከተማ ከፋፍለህ ደምር ሲባል ሁለት ከተማ ያወጣል። ይህን ለላይብረሪው ሠሪዎች «ስህተት አለባችሁ» ብሎ መጻፍ አይገባም፤ የተጻፈውን አነበበ። የ«ሥ» እና የ«ስ»፣ የ«ሐ» እና የ«ሀ» ነገርም እንዲሁ ነው። እነዚህን አንድ የማድረግ ሥራ የእኛ ነው፤ ከማንበቡ በፊት።

የግዕዝ አኃዝም አስቂኝ ነገር አለው። ፓይተንን «‹፭› አኃዝ ነውን?» ብትሉት «አዎን» ይላል፤ «እንግዲያው ወደ ቁጥር ለውጥልኝ» ስትሉት «አልችልም» ይላል። እንደ እብሪት ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። የግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ የቦታ ዋጋም የለውም፤ አርባ «፵» ናት እንጂ «፬» ከአጠገቧ ሌላ ምልክት አስከትላ የምትጻፍ አይደለችም። ስለዚህ ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ መዝገብ) «፭» አኃዝ መሆኗን መዝግቦ፣ በአሥር ቤት ከሚሠሩት ግን ለይቷታል።

መቶ ሲሞላ አቁም

እውነተኛ ስህተት ምን እንደሚመስል ለማሳየት ወደ መጋዘኑ እንመለስ። ጆንያ የሚሞላ ልጅ አለ እንበል። «ሚዛኑ መቶ ኪሎ ሲል አቁም» ተብሏል። በአካፋ ሲጨምር ሚዛኑ 98 አለ፣ ከዚያ 101 አለ። መቶ የሚል ቁጥር አላየም። ትእዛዙን ቃል በቃል የሚወስድ ልጅ ከሆነ መሙላቱን ይቀጥላል፤ ጆንያው ሞልቶ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ የሌላው ሰው እህል ላይ ይደባለቃል። «መቶ ወይም ከመቶ በላይ ሲል» ተብሎ ቢሆን ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ይህ ተረት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 ክላውድፍሌር በተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ የሆነው ነው። የድረ ገጽ ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራማቸው «መጨረሻው ላይ ደርሻለሁን?» ብሎ የሚጠይቀው በ«እኩል ነው» ምልክት ነበር፤ «እኩል ወይም የበለጠ» መሆን ነበረበት። ያልተዘጋ፣ በተበላሸ መንገድ የተጻፈ ገጽ ሲመጣ አንባቢው መጨረሻውን ዘልሎ አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ያገኘውን የሌሎች ድረ ገጾች ምሥጢር እያነበበ ለማያገባው ሰው ላከ። ያገኘው የጉግል የደኅንነት ተመራማሪ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሌላው ነው፤ ስህተቱ በኮዱ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ምንም አላደረገም። ያነቃው ከጎኑ የገባ አዲስ፣ የተሻሻለ አንባቢ ነው። «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው ክርክር ለምን እንደማያዛልቅ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

የስህተት ጥገና በጥሩ ላይብረሪ ውስጥ እንዲህ ይሄዳል። አንድ ሰው ስህተቱን የሚያሳይ ትንሽ ምሳሌ ይልካል፤ ሦስት መስመር ብትሆን ትመረጣለች። ጠጋኙ ኮዱን ከመንካቱ በፊት ያችን ምሳሌ ወደ ፈተና ይለውጣታል፤ ፈተናዋ መጀመሪያ መውደቅ አለባት፤ ካልወደቀች ስህተቱ አልተያዘም። ከዚያ ኮዱ ይታረማል፣ ፈተናዋ ታልፋለች፣ ለዘለዓለምም እዚያው ትቀራለች። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሁሉ ያንኑ ስህተት መልሶ ቢያስገባ ፈተናዋ ትይዘዋለች።

ፈተና የሌለበት ቦታ ምን እንደሚሆን እንግሊዞች አይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ከመስከረም 25 እስከ ጥቅምት 2 ባለው ጊዜ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ቁጥር ውጪ ቀሩ። ከላቦራቶሪ የመጣው መረጃ ወደ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ዓይነት ይገባ ነበር፤ ያ ዓይነት ደግሞ ከ65,536 ረድፍ በላይ አይዝም። የተረፈው ዝም ብሎ ተቆረጠ።

ሦስቱ ቁጥሮች

2.1.4 የሚመስል የስሪት ቁጥር ሲገጥማችሁ በልማድ እንዲህ ይነበባል። የመጨረሻው ሲጨምር ጥገና ብቻ ነው። መካከለኛው ሲጨምር አዲስ ነገር ታክሏል፤ የነበረው ግን አልተነካም። የፊተኛው ሲጨምር ተጠንቀቁ፤ ትናንት የተጻፈ ኮድ ላይሠራ ይችላል። ጨዋ ላይብረሪ አንድን ነገር ከመሻሩ በፊት ያስታውቃል። ፓንዳስ የተበላሸ መስመር ሲገጥመው ምን ያድርግ የሚለውን አሮጌ ትእዛዝ በ1.3፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ላይ «ይቀራል» ብሎ አዲስ ስም ሰጠው፤ ያጠፋው በ2.0 ነው። ሁለት ዓመት ገደማ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሰጥቷል።

ልማዱ ግን ቃል ኪዳን አይደለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ፓይተን በመጨረሻው ቁጥር ብቻ ከፍ ያለ፣ 3.10.7 የተባለ ስሪት አወጣ። በውስጡ አንድ አዲስ ክልከላ ነበረ፤ ከ4,300 አኃዝ በላይ የሆነ ጽሑፍ ወደ ቁጥር አይለወጥም። ምክንያቱ የደኅንነት ነው። በነበረው አሠራር የአኃዙ ብዛት እጥፍ ሲሆን የመለወጫው ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ክፉ ሰው እጅግ ረጅም ቁጥር ልኮ አንድን አገልጋይ ኮምፒውተር በሥራ ሊያስጠምደው ይችል ነበር። ጥገናው ተገቢ ነው። በረጃጅም ቁጥር የሚሠሩ የሒሳብ ሰዎች ግን ማለዳ ተነሥተው ፕሮግራማቸው ቆሞ አገኙት።

ስለዚህ የእኔ የዛሬው አሠራር እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ደንበኛ የየላይብረሪውን ትክክለኛ ስሪት በአንዲት የጽሑፍ ፋይል ውስጥ እመዘግባለሁ፤ አዲስ ኮምፒውተር ሲመጣ ያው ስሪት እንዲጫን። ጥቅሎቹንም አውርጄ በፍላሽ አስቀምጣለሁ፤ ኢንተርኔት በጠፋበት ቀን የሚደርስልኝ ያ ፍላሽ ነው። ማሻሻል ስፈልግ ያለፈውን ዓመት መዝገብ በሁለቱም ስሪት አስነብቤ ውጤቱን ጎን ለጎን አስተያያለሁ፤ ድምሩን ብቻ ሳይሆን የየወሩን። እንደቆለፉ መኖር ደግሞ አይቻልም፤ የደኅንነት ጥገና ያለው ስሪት ሲወጣ መቆየት ከባለመጋዘኑ ቁጣ የከፋ ነገር ያመጣል።

መዝገብ ያዥዋን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ደብተሩን አውጥታ ሐምሌ 5 ቀን ያለውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ፤ አርባ ኩንታል ጤፍ፣ ከነደረሰኝ ቁጥሩ፣ በንጹሕ እጅ ጽሑፍ። «እኔ እኮ ጥምቀት ዕለት ጃን ተከል ነበርሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቀኑን በሦስት ዓምድ እንድትጽፍ ተስማማን፤ ቀኑ በቁጥር፣ ወሩ በስም፣ ዓመቱ በቁጥር። ጥሩ መፍትሔ መስሎኝ ነበር። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደወለችልኝና እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ አሥራ ሦስተኛውን ወር ‹ጳጉሜ› ብዬ ልጻፍ ወይስ ‹ጳጉሜን›?»